ብዕሩን ያመነ ሰው

በራስ መተማመን ከተፈጥሮ የሚገኝ ነውን ወይስ በልምድ የሚመጣ? ይህ ጥያቄ በተማሪዎችና በወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ ዘወትር ይነሣል። ብዙዎች ድፍረት እንደ ቁመትና እንደ መልክ ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወጡት ስጦታ ይመስላቸዋል። ስለዚህም አንዱ ተማሪ መልሱን እያወቀ እጁን ሳያነሣ ይቀራል፤ አንዱ ሠራተኛ የተሻለ ሐሳብ እያለው የአምናውን ደብዳቤ ቀኑን ብቻ ለውጦ ለአለቃው ያቀርባል፤ ሌላውም የጻፈውን ግጥም ከፍራሽ ሥር ደብቆ ያኖራል። የደራሲው የአቤ ጉበኛ ሕይወት ግን በራስ መተማመን በየቀኑ እየተሠራ የሚገነባ፥ ሲገነባም ዋጋ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ያስረዳል።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬ፥ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ዱርቤቴ ሲደርስ የአቸፈርን ምድር ይረግጣል። አቤ በ1920ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የተወለደው በዚሁ በአቸፈር ገጠር ነው። በዚያን ዘመን ለገበሬ ልጅ የዕውቀት በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር። ጎጃም ደግሞ ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ማዕከሎች ያሉበት አገር ስለ ሆነ፥ አቤም እንደ አካባቢው ልጆች ከፊደል ተነሥቶ እስከ ቅኔ ተማረ።

የወደፊቱ ደራሲ ድፍረት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የቅኔ ቤትን ሥርዓት ማስተዋል ያስፈልጋል። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ የውሻውን ጩኸት በዱላው እየመከተ የዕለት ጉርሱን ከየደጁ ይለምናል። ይህ ለማኝ ልጅ ግን ከጉባኤው ሲገባ ድኻ አይደለም። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ያድጋል። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይነግራል። የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ የራሱን የትናንቱን መድገምም አያስመሰግነውም። ሲሳሳት መምህሩ ያቃኑለታል፤ ነገም አዲስ ይዞ ይቀርባል። እንግዲህ በየዕለቱ አዲስ ነገር ማሰብ፥ በሰው ፊት መናገርና መታረም ለዚህ ልጅ የዕለት ኑሮው ነው። ታርሞ የማያፍር ሰው በኋላ በቀላሉ አይደነግጥም።

አቤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባው ዘግይቶ ነው። በዳንግላና በአዲስ አበባ ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኛነት፥ ኋላም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሠራ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሥራ ማለት የወር ደመወዝ፥ መከበሪያና የወደፊት ተስፋ ነበር። አንባቢው ጥቂት፥ መጽሐፍ ገዢውም ከዚያ ያነሰ ነበር። አቤ ግን ሥራውን ትቶ በብዕሩ ገቢ ለመኖር ቆረጠ። በአገራችን በድርሰት ብቻ ለመተዳደር ከደፈሩት መካከል ግንባር ቀደም ተብሎ የሚጠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብርቱው ፈተና የመጣው በ1955 ዓ.ም. አልወለድም የተባለው ልብ ወለዱ በወጣ ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ገና በማሕፀን ያለ ሕፃን የዓለምን ግፍና የድኾችን መከራ አይቶ አልወለድም ሲል ይከራከራል። ታሪኩ በምናብ አገር የተፈጸመ ቢመስልም ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ወርቁን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ባለሥልጣኖቹም እንዲሁ። መጽሐፉ ታገደ፤ ከገበያም ተለቅሞ ተቃጠለ። ደራሲውም በኋላ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ጎሬ በግዞት ተላከ።

ደመወዝ የሌለው ሰው የደከመበት መጽሐፍ ሲቃጠል ብዕሩን ቢያስቀምጥ ማን ይፈርድበታል? አቤ ግን አላስቀመጠም። በ1956 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የተጻፈ ተውኔት አሳተመ። በ1961 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ መሠረት ያደረገውን አንድ ለናቱ የተባለውን ትልቅ ልብ ወለድ ለአንባቢ አቀረበ። በ1966 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው የዓለም አቀፍ ደራስያን ጉባኤ ተካፋይ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በጣልያን ወረራ ዘመን የነበረውን እምቢተኛነት የሚያሳይ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አወጣ። ከአማርኛና ከግዕዝ ቀጥሎ በተማረው ባዕድ ቋንቋ መጽሐፍ ለመጻፍ አለመፍራቱ የቅኔ ቤቱን ልጅ ያስታውሳል።

ሥራዎቹ ሁሉ እንከን የለባቸውም ለማለት አይቻልም። ሐያስያን ታሪኩን ትቶ ስብከት ያበዛል እያሉ ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። አቤ ግን ፍጹም ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ልብ ወለዱን፥ ተውኔቱንና ግጥሙን እያከታተለ አቀረበ። በ1972 ዓ.ም. ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተ፤ አሟሟቱም እስከ ዛሬ ድረስ ሲያነጋግር ይኖራል። እንግዲህ ራስን ማመን ሁልጊዜ በሹመትና በሽልማት ይከፈላል ብሎ ወጣቱን ማታለል አይገባም። ያም ሆኖ ያቃጠሉት ሰዎች ሥልጣን አልፎ፥ የተቃጠለው መጽሐፍ እንደገና ታትሞ ዛሬ ይነበባል።

ከዚህ ሕይወት ተማሪውም ወጣቱ ሠራተኛም የሚወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ትዕቢተኛ እርማት አይወድም፤ ፈሪም እንዳይታረም ሥራውን ይደብቃል። በራሱ የሚተማመን ሰው ግን ሥራውን አቅርቦ፥ ታርሞ፥ ነገ የተሻለውን ይዞ ይመለሳል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ትምህርት ቤት የኋላ ወንበር የሚቀመጠው ተማሪ ዛሬ አንድ ጊዜ እጁን ያንሣ። ወጣቱ ሠራተኛም የሚቀጥለውን ደብዳቤ በራሱ ቃል ይጻፍ። ግጥሙን የደበቀውም ከፍራሹ ሥር አውጥቶ ለሚያርመው ሰው ያንብብ። ድፍረት ከእንዲህ ያለው ትንሽ ሥራ ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ያልሞከረ መወድስ ላይ አይደርስምና።