ሐዲድና ፎቶግራፍ ያቆራኙት መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአውሮፓና በአሜሪካ የብረታ ብረት ፋብሪካዎችን የሚያሳዩ ጥንድ ፎቶግራፎች በልዩ መነጽር እየታዩ የሳሎን ጌጥ ሆነው ነበር። በዚያው ዘመን ብረትንና ካሜራን አቆራኝተው በኢትዮጵያ ከሠሩት መካከል ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ይጠቀሳሉ።

ኢልግ እ.ኤ.አ በ1854 በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ካጠኑ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮፓ ባለሙያ በመፈለጋቸው፣ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1879 አንኮበር ገቡ።

ያን ጊዜ ከባሕር ጠረፍ ወደ አንኮበር የሚመጣ ዕቃ በረሃውን አቋርጦ፣ ዛሬ ሸዋ ሮቢት ከምትገኝበት ስፍራ በስተደቡብ ባለው የይፋት ቆላ በኩል፣ በእንስሳት ጀርባ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ከባድ ብረትና ማሽን በዚህ መንገድ ማጓጓዝ እጅግ አዳጋች ነበር።

ኢልግ ለዚህ መፍትሔ የሚሆነውን የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት በ1894 ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ አገኙ። በ1897 የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው በውጭ ጉዳይም አገልግለዋል።

መሐንዲሱ በ1916 በዙሪክ ሲያርፉ ሐዲዱ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ያነሷቸውና ያሰባሰቧቸው የቤተ መንግሥት፣ የሕዝብና የግንባታ ሥራዎች ፎቶግራፎች ግን በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተጠብቀው፣ ከጽሑፍ መዛግብት ጎን የዘመኑ ምስክር ለመሆን በቅተዋል።