ጦርነትን አውቀው ድርድርን የመረጡት ጄኔራል

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት በወታደሮችና በታንክ ተከበበ። የቤቱ ባለቤት ለሁለት ወራት ያህል የደርጉ ሊቀመንበር ሆነው የቆዩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ነበሩ። ጄኔራሉ እጃቸውን አልሰጡም። በተኩስ ልውውጥ እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። በዚያኑ ሌሊት የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት ከታሰሩበት ወጥተው ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አብዮቱ ያለ ደም ይካሄዳል የተባለውም ነገር በዚያው አበቃ።

የአማን ቤተሰብ መሠረቱ ኤርትራ፣ ሐማሴን ውስጥ የምትገኘው ጸአዘጋ ነው። እሳቸው ግን የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ገደማ ሱዳን፣ ካርቱም ነው። ጣሊያን ከኢትዮጵያ በተባረረበት ዘመን ከሱዳን ተነስቶ ወደ ሀገር ከገባው ኃይል ጋር ተቀላቀሉ። በኋላም በእንግሊዝ ሀገር ወታደራዊ ትምህርት ቀስመው፣ ኮሪያ ዘምተው፣ በማዕረግ ላይ ማዕረግ እየጨመሩ ሄዱ።

ስማቸው ጎልቶ የወጣው በምሥራቅ ነው። በ1956 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ሲጥስ መቀመጫውን ሐረር ያደረገውን 3ኛ ክፍለ ጦር የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ወራሪውን መክተው መለሱ፤ በወታደሩ ዘንድም የኦጋዴን አንበሳ የሚል ስም አተረፉ። ይሁን እንጂ ድንበር ተሻግሮ ጠላትን የማሳደድ ፍላጎታቸው ከቤተ መንግሥቱ ጋር አላስማማቸውም። ከጦሩ ተነስተው በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት ተቀመጡ። በወታደሩ ዘንድ የሚወደድን አዛዥ ከጦሩ ማራቅ በዚያን ጊዜ የተለመደ ዘዴ ነበር። ለአማን ግን ይህ መገለል በኋላ ስንቅ ሆናቸው፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ከሥርዓቱ ጋር ያልተነካኩ ተደርገው ታዩ።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ አባላቱ ከበታች ሹማምንትና ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያሉ፣ ሕዝብ የማያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ከፊት የሚያቆሙት ስመ ጥር ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። አማንን መጀመሪያ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም፣ ከዚያ በልጅ ሚካኤል እምሩ ካቢኔ የመከላከያ ሚኒስትር አደረጓቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ደግሞ የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀመንበር ሆኑ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ሙሉ ሥልጣን የያዙ ይመስላል። ነገር ግን ጄኔራሉ ከየክፍሉ ተመርጠው ከመጡት የደርግ አባላት አንዱ አልነበሩም። ከውጭ የተጋበዙ ሊቀመንበር ነበሩ። በጉባኤው ውስጥ ድምፅ የሚያሰባስቡት ምክትላቸው ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም ነበሩ።

ጄኔራሉ ከሁሉ ያስቀደሙት ጉዳይ ኤርትራ ነበር። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ በረሃ የገባው ተቃዋሚ እየበረታ ሄዷል። በ1963 ዓ.ም. በብዙ የኤርትራ አካባቢዎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ በተቃጠሉ መንደሮች የተረፈው ሕዝብም ወደ ሱዳን ተሰዷል። አማን ገና የመከላከያ ሚኒስትር ሳሉ፣ በነሐሴ 1966 ዓ.ም. ወደዚያው አቀኑ። በየከተማው እየተዘዋወሩ በሚያውቁት ትግርኛ ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ብሶቱንም አዳመጡ። ሊቀመንበር ከሆኑ በኋላም በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመልሰው ሄደው በአስመራ ስታዲየም ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር አደረጉ።

ከጉብኝቱ በኋላ ያቀረቡት ሐሳብ ዝርዝር ነበረው። አስተዳደሩ እንዲሻሻል፣ የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱ፣ ስደተኞች ወደ ቀያቸው እንዲመለሱና እንዲቋቋሙ፣ በደል የፈጸሙ ሹማምንት እንዲጠየቁ፣ የአካባቢው ልማት እንዲታገዝ የሚል ነው። ይህ ሁሉ ግን በኢትዮጵያ አንድነት ውስጥ የሚፈጸም ነበር። የሕይወት ዘመናቸውን በጦር ሜዳ ያሳለፉት ሰው የደረሱበት መደምደሚያ፣ የሕዝቡ እምነት ሳይመለስ ጦር ብቻውን ኤርትራን አያረጋጋም የሚል ነበር።

ሐሳቡ ከሁለቱም በኩል ፈተና ገጠመው። ጀብሃና ያን ጊዜ ሕዝባዊ ኃይሎች ይባል የነበረው ሻዕቢያ እርስ በርስ ሲዋጉ ቆይተው ነበር። የሁለቱም ዓላማ ነፃነት ስለነበረ የአስተዳደር ማሻሻያ አላረካቸውም። እንዲያውም ጄኔራሉ በሕዝቡ ዘንድ ያገኙት ተሰሚነት ደጋፊ እንዳያሳጣቸው ሠጉ። በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ የደርጉ ጠንካራ ክንፍ ነገሩን እንደ ድክመት ቆጠረው። የአማን ትውልድ ከኤርትራ መሆኑ ለጥርጣሬ ምክንያት ሆነ። ለማስታረቅ የሚረዳቸው ይሆናል የተባለው ማንነት መክሰሻቸው ሆነ። ጄኔራሉ ከሁለት ያጡ ሆኑ።

እዚህ ላይ የእሳቸውንም ጉድለት መጥቀስ ተገቢ ነው። አማን ከሕዝቡ ጋር ተነጋገሩ እንጂ መሣሪያ ያነሱትን ወገኖች ወደ ጠረጴዛ አላመጡም። በተከፈተ ስታዲየም የሚደረግ ንግግር ተስፋ ይሰጣል፤ ስምምነት ግን አያስገኝም። ከዚህም በላይ በስሙ የሚናገሩለትን ደርግ አስቀድመው ከጎናቸው አላሰለፉም። የገዛ ጉባኤው ያልተስማማበትን ሰላም ይዞ የሚሄድ ሰው ቃሉን የሚያስፈጽምበት ኃይል አይኖረውም።

በጥቅምትና በኅዳር ልዩነቱ ሰፋ። የተካረሩባቸው ነጥቦች በዋናነት ሦስት ነበሩ፤ የሊቀመንበሩ ሥልጣን ወሰን፣ የታሰሩት ባለሥልጣናት ዕጣና ኤርትራ። ደርጉ ተጨማሪ ጦር ወደ ሰሜን እንዲላክ ሲወስን ጄኔራሉ አልተቀበሉም። የታሰሩት ሰዎች ያለ ፍርድ እንዲገደሉ የቀረበውንም ሐሳብ ተቃወሙ። በመጨረሻ ሥራቸውን ትተው ቤታቸው ተቀመጡ። ከዚያም ቀድሞ በሚያዟቸው የጦር ክፍሎች ዘንድ ድጋፍ መፈለጋቸው ለደርጉ ሰበብ ሰጠው። የሆነውም ከላይ የተገለጸው ነው።

ዕሑድ ዕለት ሬዲዮው ግድያውን ሲያስታውቅ ከሟቾቹ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። ለአማን የኤርትራ ሐሳብ ይህ ሌላ ትርጉም ነበረው። በትናንት ሹማምንት ላይ ፍርድ ቤት ካልፈረደ ለበረሃው ተቃዋሚ የሚገባለትን የምሕረት ቃል ማን ያምናል?

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። ሁለቱ ግንባሮች እርስ በርስ ታረቁ፤ ጥር 23 ቀን 1967 ዓ.ም. አስመራ ላይ ውጊያ ተከፈተ። በአማን ወንበር የተተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ከተቃዋሚ የግራ ኃይሎች ጋር መቀራረብ ይሻላል ያሉበትን ንግግር ባሰሙ በቀናት ውስጥ፣ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ተገደሉ። በደርጉና በሻዕቢያ መካከል በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር አማካይነት በአትላንታና በናይሮቢ ግልጽ ድርድር የተደረገው በ1982 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። አማን ከሞቱ 15 ዓመት ያህል ሆኖ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦርነቱን የቋጨው የጦር ሜዳ እንጂ ጠረጴዛ አልነበረም። ኤርትራም በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ተለየች።

አማን ቢኖሩ ኖሮ ሁሉም ይስተካከል ነበር ማለት አይቻልም። ነገሩ ከእሳቸውም በላይ የገፋ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ አስመራ ላይ አንድ የኢትዮጵያ መንግሥት መሪ ሕዝቡን በቋንቋው አነጋግሮ፣ በደል መፈጸሙን አምኖ ነበር። ለመነጋገር ከሁሉ የረከሰው ጊዜ ያ ነበር፤ ጦር መላክ የተመረጠው ግን ንግግር ተሞክሮ ስለከሸፈ አልነበረም፤ ከናካቴው ስላልተሞከረ እንጂ። ዋጋው ለ17 ዓመታት ተከፈለ፤ ከፋዮቹም በአብዛኛው በዚያች ኅዳር ገና ሕፃናት የነበሩ ልጆች ናቸው።