አል-ቢሩኒ እና የሰንጠረዡ ቁጥር



በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ዓሊም አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብኑ አሕመድ አል-ቢሩኒ ናቸው፤ ረሒመሁላህ። እ.ኤ.አ. በ973 (በ362 ዓመተ ሂጅራ) በኸዋሪዝም ተወለዱ፤ ቦታው ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ነው። ሒሳብን ከአቡ ነስር መንሱር ተማሩ። በ22 ዓመታቸው ግን አገራቸው ውስጥ የሥልጣን ጦርነት ተነሳና ተሰደዱ። በስደት ላይ እያሉም ከካስፒያን ባሕር አጠገብ ባለችው ጉርጋን ሆነው በ1000 ገደማ አል-ኣሣር አል-ባቂያ የተባለውን የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚያነጻጽር መጽሐፍ ጻፉ። ያኔ ዕድሜያቸው 27 ቢሆን ነው።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ግዙፍ ቁጥር አለ። ሰንጠረዥ (ስሙ ከዐረብኛው ሸጥረንጅ የመጣ ነው) 64 ቤቶች አሉት። በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያልን በእጥፍ ብንሄድ ድምሩ ስንት ይሆናል? የጥንቶቹ በስንዴ ይጠይቁት ነበር፤ እኛ የሚዛንና የቴፒ ሰዎች በቡና እንጠይቀው። መልሱ 18,446,744,073,709,551,615 ነው። አንዱን የቡና ፍሬ 0.15 ግራም ብንለው ክምሩ ከ2.7 ትሪሊዮን ቶን ያልፋል። መላው ዓለም በዓመት የሚያመርተው 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስለሆነ፣ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ መልቀም ይጠይቃል።

አል-ቢሩኒ 63 ጊዜ አላባዙም። ሁለት ነገሮችን አስተዋሉ። አንደኛ፣ እስከ አንድ ቤት ያለው ድምር ከቀጣዩ ቤት በአንድ ብቻ ያንሳል፦ 1+2+4=7፣ ቀጣዩ 8። ሁለተኛ፣ የአንድ ቤት ቁጥር በራሱ ሲባዛ ራቅ ያለ ቤት ላይ ያደርሳል። 4 በራሱ 16፣ 16 በራሱ 256፣ ከዚያ 65,536፣ ከዚያ 4,294,967,296። ይህ የ33ኛው ቤት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ በራሱ ሲባዛ ሰንጠረዡ ላይ የሌለው 65ኛ ቤት ይደረሳል፤ ከእሱ አንድ መቀነስ ብቻ ነው የሚቀረው። ከ2 ተነስቶ ስድስት ማባዛት! ለፈተና ስትዘጋጁ ወረቀት ላይ ሞክሩት።

በዚሁ መንገድ ቁጥሩ ራሱ ይበተናል፦ 3×5×17×257×65,537×4,294,967,297። የመጨረሻው ለረጅም ጊዜ የማይከፈል መስሎ ቆይቶ በ1732 ኦይለር 641 እንደሚከፍለው አሳየ። ዛሬ የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን ይህንኑ ድምር የ64 ቢት ትልቁ ቁጥር ብለው ያውቁታል።

በ1017 የጋዝናው ሱልጣን መሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዝ አል-ቢሩኒንም ወደ ጋዝና ወሰዳቸው። ፍላጎታቸው ተጠይቆ አልነበረም። እሳቸው ግን ሳንስክሪት ተምረው ስለ ሕንድ ታላቅ መጽሐፍ ጻፉ፤ የጋዝናን ቂብላ በትክክል ለማወቅም የከተሞችን ርቀት የሚያሰላ ሌላ መጽሐፍ አዘጋጁ። (የሚዛን ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ እሳቸው ቢኖሩ በዲግሪ ይነግሩን ነበር።)

ያረፉት ጋዝና ውስጥ በ1048 አካባቢ ነው። ያቁት አል-ሐመዊ እንደተረከው፣ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትቃረብ አንድ ፈቂህ ሊጠይቃቸው ገባ። አል-ቢሩኒ ስለ ሴት አያቶች ውርስ ቀድሞ ያነሳውን ስሌት እንዲያስረዳቸው ጠየቁት። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው? ብሎ አዘነላቸው። እሳቸውም ሳያውቁት ከመሞት አውቀውት መሞት እንደሚሻላቸው ነገሩት። አስረዳቸው፣ ደግመው አጠኑት። ፈቂሁ ወጥቶ ገና መንገድ ላይ ሳለ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰማ።