ታላቁ ንጉሥ አልፍሬድ፦ ከድል በኋላ መጽሐፍ ያነሣ መሪ



በዓለም ታሪክ ታላቁ የሚል ስም የተሰጣቸው ነገሥታት ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ይህን ስም ያገኙት ብዙ አገር ስለ ወረሩና ብዙ ሕዝብ ስላስገበሩ ነው። ዛሬ ሕይወቱን የምናየው ንጉሥ ግን እንደዚያ አልነበረም። አልፍሬድ መላውን እንግሊዝ እንኳ አልገዛም። ግዛቱ በደሴቲቱ ደቡብ የምትገኝ ዌሴክስ የተባለች አንዲት መንግሥት ነበረች። ታዲያ እንግሊዛውያን እስከ ዛሬ ታላቁ ብለው የሚጠሩት ለምንድን ነው? መልሱን የምናገኘው ጠላቱን ካሸነፈ በኋላ ባደረገው ነገር ነው።

የተወለደበት ዘመን

አልፍሬድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ849 ዋንቴጅ በተባለ ስፍራ ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ የምትባል አንድ አገር አልነበረችም። በሰሜን ኖርዘምብሪያ፣ በመካከል ሜርሲያ፣ በምሥራቅ ምሥራቅ አንግሊያ፣ በደቡብ ደግሞ ዌሴክስ የተባሉ መንግሥታት እርስ በርሳቸው እየተፎካከሩ ይኖሩ ነበር።

ኅብረተሰቡም በደረጃ የተከፋፈለ ነበር። ከላይ ንጉሡ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ጳጳሳትና የአውራጃ ገዥዎች፣ ከዚያም መኳንንት፣ ነጻ ገበሬዎች፣ በመጨረሻም ባሪያዎች ነበሩ። የሰው ሕይወት በሕግ ዋጋ ተቆርጦለት ነበር። ለአንድ መኳንንት የደም ካሣው 1200 ሽልንግ ሲሆን ለአንድ ነጻ ገበሬ ግን 200 ሽልንግ ነበር። ካሣው ካልተከፈለ የሟች ዘመዶች ደም ለመበቀል ይነሡ ነበር።

ንግሥናም ቢሆን ከአባት ወደ በኩር ልጅ በቀጥታ የሚተላለፍ አልነበረም። ከንጉሣዊው ቤተሰብ መካከል ሠራዊት መምራት የሚችል ጎልማሳ ይፈለግ ነበር። አልፍሬድ የንጉሥ ኤተልዎልፍ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ስለ ነበር ይነግሣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ በ853 ወደ ሮም ተላከ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከአባቱ ጋር ዳግመኛ ሄደ። መጻሕፍትን ከልጅነቱ ይወድ ነበር። ነገር ግን በቂ አስተማሪ ስላልነበረ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ድረስ ማንበብ አልቻለም። ይህን የምናውቀው ከዌልስ መጥቶ በቤቱ ካገለገለውና በ893 የሕይወት ታሪኩን ከጻፈው ከጳጳሱ ከአሰር ነው።

መንግሥታት ሲወድቁ

ቫይኪንግ ተብለው የሚታወቁት የሰሜን ሰዎች በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም ከዘረፉ ጀምሮ የባሕር ዳርቻው ሰላም አልነበረውም። ለረጅም ጊዜ ግን ዘርፈው የሚመለሱ ነበሩ። በ865 የመጣው ታላቅ ሠራዊት ግን አገር ለመውሰድ የመጣ ነበር። በ867 ኖርዘምብሪያ ወደቀች። በ869 የምሥራቅ አንግሊያው ንጉሥ ኤድመንድ ተገደለ። በ874 የሜርሲያው ንጉሥ ዙፋኑን ትቶ ወደ ሮም ሸሸ፤ በዚያም ሞተ።

በዌሴክስም ጦርነቱ ተፋፍሞ ነበር። በ871 አልፍሬድና ወንድሙ ንጉሥ ኤተልሬድ በአሽዳውን ጦርነት ድል አደረጉ። በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ኤተልሬድ ሞተ። ልጆች ነበሩት፤ ነገር ግን ሕፃናት ስለ ነበሩ መንግሥቱ ለአልፍሬድ ተሰጠ። ዕድሜው ወደ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ከነገሠ ከአንድ ወር በኋላ በዊልተን ተሸነፈ፤ ከጠላት ጋርም በገንዘብ ሰላም ገዛ። በ876 ቫይኪንጎቹ ቅዱስ ብለው በሚያከብሩት ቀለበት ምለው ከአገሩ ሊወጡ ቃል ገቡለት። ነገር ግን በሌሊት መሐላቸውን አፍርሰው ሄዱ።

እጅግ የከፋው ቀን የመጣው በጥር ወር 878 ነው። የልደት በዓል ሰሞን አልፎ ሰው ሁሉ በየቤቱ ሳለ፣ ጉትረም የተባለው የቫይኪንጎች ንጉሥ በድንገት ቺፐንሃምን ያዘ። ብዙ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ተሰደዱ፤ የቀሩትም ለጠላት ገበሩ። ንጉሡ ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር በሶመርሴት ጫካና ረግረግ ውስጥ ተሸሸገ። በአተልኒም ትንሽ ምሽግ ሠራ። በአንዲት ሴት ቤት ተሸሽጎ ሳለ ዳቦ እንዳሳረረ የሚነገረውን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ታሪክ የተጻፈው ንጉሡ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ እንደ እውነት ልንወስደው አንችልም። እውነተኛው ታሪክ ግን ራሱ በቂ ነው። ትናንት በዙፋን የነበረ ሰው ዛሬ የሚበላውን ከጠላት እየነጠቀ በውኃ በተከበበች ቁራሽ መሬት ላይ ይኖር ነበር። አንባቢያን ሆይ፣ በዓዶላም ዋሻ የነበረውን ዳዊትን አስቡ። እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ መሪን የሚሠራው ሁሉም ነገር ከእጁ በወጣበት ስፍራ ነው።

የጠላት ክርስትና አባት

ከፋሲካ በኋላ በሰባተኛው ሳምንት አልፍሬድ ከረግረጉ ወጣ። የሶመርሴት፣ የዊልትሻየርና የሃምፕሻየር ሰዎች ንጉሣቸው በሕይወት እንዳለ አይተው በደስታ ተቀበሉት። ከሁለት ቀን በኋላ በኤዲንግተን ከጉትረም ሠራዊት ጋር ገጥሞ ድል አደረገ። የሸሹትንም እስከ ምሽጋቸው አሳዶ ለአሥራ አራት ቀን ከበባቸው። በራብና በብርድ ተጨንቀው እጃቸውን ሰጡ።

እስቲ ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አድርጉ። ወንድም ነገሥታትን የገደለ ሠራዊት፣ መሐላውን ያፈረሰ ጠላት በእጃችሁ ቢወድቅ ምን ታደርጉ ነበር? ከዚያ ቀደም በ782 የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ባመፁበት ሳክሶኖች ላይ የወሰደው እርምጃ ይታወቃል። የዘመኑ መዝገብ እንደሚለው በቨርደን በአንድ ቀን 4500 ሰዎች አስገድሏል። ጥምቀትን እምቢ ያለ ሳክሶን ሁሉ እንዲገደልም ሕግ አውጥቷል።

አልፍሬድ ሌላ መንገድ መረጠ። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ጉትረም ከሠላሳ ታላላቅ ሰዎቹ ጋር በአተልኒ አጠገብ በምትገኝ አለር በተባለች ስፍራ ተጠመቀ። አልፍሬድ ራሱ የክርስትና አባት ሆነለት፤ ኤተልስታን የሚል ስምም ተሰጠው። ለአሥራ ሁለት ቀን በእንግድነት አስቀምጦ አከበረው፤ ስጦታም ሰጠው።

በእርግጥ ይህ ጥምቀት የሰላም ስምምነቱ አካል ነበር። እኛ ንስሐና እምነት ከልብ እንጂ ከስምምነት እንደማይመጣ እናምናለን። በጉትረም ልብ የነበረውን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ጉትረም በ880 ወደ ምሥራቅ አንግሊያ ሄዶ እስከ ሞተበት እስከ 890 ድረስ ገዛ፤ በገንዘቡም ላይ ያስቀረጸው በጥምቀት የተቀበለውን ስም ነበር። ከእርሱ ሞት ጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያው አገር የንጉሥ ኤድመንድን መታሰቢያ የያዘ ገንዘብ ይሠራ ጀመር። አባቶቻቸው የገደሉትን ክርስቲያን ንጉሥ ልጆቻቸው በሚገዙት ምድር እንደ ቅዱስ አከበሩት! ለጠላት የተዘረጋ እጅ ሰይፍ ያልደረሰበት ቦታ ደረሰ።

ከድል በኋላ

ብዙ መሪዎች ከድል በኋላ ያርፋሉ። አልፍሬድ ግን ትልቁን ሥራ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በግዛቱ ዙሪያ ሠላሳ ያህል የተመሸጉ ከተሞች ተዘጋጁ። ገበሬው እርሻውን ጥሎ እንዳይጠፋ ሠራዊቱን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹ ሲዘምት ግማሹ ቤቱን ይጠብቃል። በ886 ለንደንን ያዘ። በ892 ሌላ ታላቅ ሠራዊት በመጣ ጊዜ ወራሪዎቹ አራት ዓመት ደክመው በ896 ተበተኑ።

ነገር ግን አልፍሬድ አገሩን ያደከማት የቫይኪንጎች ሰይፍ ብቻ እንዳልሆነ ተረድቶ ነበር። የመጣውን መከራ ሕዝቡ ለእውቀትና ለእግዚአብሔር ቃል የነበረውን ፍቅር ከማጣቱ ጋር አያይዞ አየው። እርሱ ራሱ እንደ መሰከረው፣ በነገሠ ጊዜ የሚያነቡትን የላቲን ጸሎት ትርጉም የሚያውቁ አገልጋዮች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ገዳማቱ ሳይቃጠሉ በፊትም በመጻሕፍት የተሞሉ ነበሩ፤ ነገር ግን በሕዝቡ ቋንቋ ስላልተጻፉ የሚጠቀምባቸው አልነበረም።

ስለዚህ ከሜርሲያ፣ ከዌልስ፣ ከፍራንኮችና ከሳክሶኒ ምሁራንን ጠራ። በ887፣ ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ፣ እርሱ ራሱ ላቲን ማንበብና መተርጎም ጀመረ። በሥጋውም ጤነኛ አልነበረም፤ በ868 ከተጋባበት ቀን ጀምሮ ለዓመታት ያሠቃየው ሕመም ነበረበት። በጦርነትና በሕመም መካከል ሆኖ ስለ እረኝነት አገልግሎት የተጻፈውን የታላቁን ጎርጎርዮስን መጽሐፍ በረዳቶቹ እገዛ ወደ እንግሊዝኛ አስመለሰ። ለየሀገረ ስብከቱም አንዳንድ ቅጂ ላከ። የቦኤቲየስና የአውግስጢኖስ ሥራዎች፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ መዝሙራት ትርጉም ከእርሱ ስም ጋር ተያይዘው ይነሣሉ። ችሎታና ጊዜ ያላቸው የነጻ ሰዎች ልጆች ሁሉ የገዛ ቋንቋቸውን ማንበብ እንዲማሩም ፈለገ። ዘጠነኛው መቶ ዘመን ላይ ይህን ማሰብ ቀላል አልነበረም።

ሕግና ፍርድ

አልፍሬድ ያወጣው የሕግ መጽሐፍ የሚጀምረው በአሥርቱ ትእዛዛት ነው። ከዘጸአት ሕግጋት ተነሥቶ በሐዋርያት ሥራ 15 ወዳለው የኢየሩሳሌም ጉባኤ ውሳኔ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የአገሩን ሕግ ይዘረዝራል። ከራሱ ሕግጋት የመጀመሪያው ሰው ሁሉ መሐላውንና ቃል ኪዳኑን እንዲጠብቅ ያዛል። በተሰበረ መሐላ የተጎዳ ሰው የመሐላን ዋጋ ያውቃል! ደም መበቀልንም ገደበ፤ ሰው ጠላቱን በቤቱ ከማጥቃቱ በፊት ፍትሕ እንዲጠይቅ አዘዘ።

አሰር እንደሚነግረን፣ ንጉሡ የተሰጡ ፍርዶችን ይመረምር ነበር። ባለማወቅ የተሳሳቱ ዳኞችን ወይ ተማሩ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ ይላቸው ነበር። ሸምግለው የነበሩ ሹማምንት እያቃሰቱ ፊደል መቁጠር ጀመሩ። የማይችለውም ልጁ ወይም አገልጋዩ ያነብለት ነበር።

ይህን ሁሉ ስንል ግን አልፍሬድ ነቀፋ አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ባርነት በዘመኑ አልቀረም። ሕጉ ለነጻ ሰዎች የዕረፍት በዓላትን ሲሰጥ ባሪያዎችን አላካተተም፤ ለእነርሱ በዓመት አራት ረቡዕ ብቻ ፈቀደላቸው፤ በእነዚያም ቀናት የተሰጣቸውን ወይም ሠርተው ያገኙትን መሸጥ ይችሉ ነበር። የአቢንግደን ገዳም መነኮሳትም መሬታችንን ወሰደ ብለው በታሪክ መጽሐፋቸው ከይሁዳ ጋር አመሳስለውታል። መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ኃጢአት እንዳልሸሸገ እኛም የሰዎችን ጉድለት አንሸሽግም።

ከሕይወቱ ምን እንማራለን?

አልፍሬድ ጥቅምት 26 ቀን 899 ሞተ፤ በዊንቸስተርም ተቀበረ። ልጁ ኤድዋርድና ሴት ልጁ ኤተልፍሌድ ሥራውን ቀጠሉ፤ የልጅ ልጁ ኤተልስታንም በ927 የመላው እንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። በ1693 ከአተልኒ ብዙ በማይርቅ ስፍራ አልፍሬድ እንዳሠራው የሚገልጽ ጽሑፍ የተቀረጸበት ትንሽ የወርቅ ጌጥ ተገኘ። ብዙ ተመራማሪዎች መጽሐፍ ሲነበብ መስመሩን ለመከተል የሚያገለግል እንጨት መያዣ ነው ብለው ያምናሉ። ከተሸሸገበት ረግረግ አጠገብ የተገኘው መታሰቢያው የንባብ መሣሪያ መሆኑ አያስደንቅም?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በ2 ዜና መዋዕል 17 እና 19 ላይ የንጉሥ ኢዮሣፍጥን ታሪክ አንብብ። ከተሞችን መሸገ፣ የእግዚአብሔርን ሕግ መጽሐፍ የያዙ አስተማሪዎችን በይሁዳ ከተሞች ላከ፣ ዳኞችንም ሾሞ እግዚአብሔርን በመፍራት እንዲፈርዱ አዘዘ። አልፍሬድ የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። ቅጥር ያለ ቃል ከውጭ ጠላት ያድን ይሆናል፤ ከውስጥ መበስበስ ግን አያድንም።

ዛሬ የብዙዎቻችን ችግር መጽሐፉ በቋንቋችን አለመኖሩ አይደለም። መጽሐፉ በእጃችን ነው፤ በስልካችንም ውስጥ አለ። ነገር ግን በአልፍሬድ ዘመን እንደ ነበሩት ገዳማት በመጻሕፍት ተከብበን ከቃሉ የራቅን ልንሆን እንችላለን። ያ ንጉሥ በሕመምና በጦርነት መካከል፣ ወደ አርባ ዓመቱ ሲጠጋ መማር ከጀመረ፣ እኛ ጊዜ የለኝም ብለን ማመካኘት እንችላለን? በቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ያለን ሁሉ ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በመከራ ቀን እግዚአብሔር ካሻገረን በኋላ ምን ሠራን? ያሸነፍነውን ሰው አዋረድነው ወይስ በቤታችን አስተናገድነው?

እግዚአብሔር አምላክ ቃሉን የምንወድ፣ ፍርድን የማናጓድልና ለጠላት እጃችንን የምንዘረጋ ሰዎች ያድርገን።