መዝገበ ቃላት አንብቦ የጨረሰው ባለቅኔ

ውድ የኡልፓን ጓደኞቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አሜሪካዊው ባለቅኔና የድንቅ ተረት ደራሲ ስለ ክላርክ አሽተን ስሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በካሊፎርኒያ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና ሳይጀምረው ተወውና ቤት ቀረ። ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ያንን ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ የቃላቱን አመጣጥ ሳይቀር፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። እኛ 10 የዕብራይስጥ ቃል ይዘን ጭንቅላታችን ይዞራል! ኋላም ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ለራሱ አስተምሮ ግጥም ተረጎመ።

በ1912፣ በ19 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ ወጥቶ ተደነቀ። አድናቆት ግን እንጀራ አይሆንም። ፍራፍሬ ለቀመ፣ እንጨት ፈለጠ። ወላጆቹ ሲያረጁ እነሱን ለመጦር ብሎ ለመጽሔት ተረት መጻፍ ያዘ፤ ስለ ጠንቋዮች፣ ስለ ሙታን ነገሥታት፣ ፀሐይዋ ልትጠፋ ስለ ደረሰች ምድር። ከ1929 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙውን ጻፈ። እናቱ በ1935፣ አባቱ በ1937 ሲሞቱ ብዕሩ ቀዘቀዘ፤ ወደ ድንጋይ ቅርጽ አዘነበለ። በ1961 አረፈ።

መጻሕፍቱ ዛሬም ይታተማሉ። እንደኔ እንደኔ ሰውን የሚስበው ጭራቁ ሳይሆን ቃሉ ነው፤ ብርቅ የሆነው ቃል ቦታው ሲገባ እንደ ድግምት ይሰማል። መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ከሌለ ግን ባትጀምሩት ይሻላል።