ቅዱስ ኢሲድሮ፦ በሰው ማሳ ያረሰው የማድሪድ ጠባቂ

በስፔን ርእሰ ከተማ በማድሪድ፣ በቶሌዶ ጎዳና ዳር፣ ሁለት ግንቦች ከፊቱ የቆሙ ጥንታዊ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዋናው መንበር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ያረፈው ንጉሥ ወይም ጳጳስ አይደለም፤ የራሱ መሬት ሳይኖረው በሌላ ሰው ማሳ ላይ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነው። ስሙ ኢሲድሮ ይባላል፤ የማድሪድ ከተማና የገበሬዎች ጠባቂ ቅዱስ ነው።

ኢሲድሮ የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ እንደሆነ ይታመናል። በዚያን ዘመን ማድሪድ የመንግሥት መቀመጫ አልነበረችም፤ ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ ከሙስሊም ገዥዎች እጅ ገና የወሰዳት፣ በቅጥር የተከበበች ትንሽ ከተማ ነበረች። ኢሲድሮ ሁዋን ደ ቫርጋስ ለተባለ ባለርስት ተቀጥሮ እንዳረሰ ትውፊት ይናገራል። ባለቤቱ ማሪያም እንደ እርሱ በቅድስና የምትከበር ስትሆን፣ ዐፅሟም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ ጋር አርፏል።

ስለ ሕይወቱ የሚናገረው ጥንታዊ ጽሑፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ነው። የጦር ሜዳ ድል ወይም የቤተ መንግሥት ወግ የለበትም፤ የሚተርከው ስለ በሬና ስለ አህያ፣ ስለ እህል ጆንያና ስለ ወጥ ድስት ነው።

ከታሪኮቹ ሁሉ ገበሬን በይበልጥ የሚነካው የክሱ ታሪክ ነው። ኢሲድሮ በየማለዳው አስቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድና ከጸሎት በኋላ ጥማዱን ይይዝ ነበር። ጎረቤቶቹ ይህን አይተው የሥራ ሰዓት ይሰርቃል ሲሉ ለጌታው ነገሩት። በቅጥር ለሚኖር ሰው ይህ ክስ እንጀራውን የሚያሳጣ ነበር። ጌታው ሊያረጋግጥ ወጥቶ ተደብቆ ቢመለከት፣ ከኢሲድሮ ግራና ቀኝ ሁለት ጥማድ ነጫጭ በሬዎች አብረውት ሲያርሱ አየ፤ ቀረብ ሲል ግን ከኢሲድሮ በቀር ማንም አልነበረም። ሠዓልያን በኋላ ዘመን በሬዎቹን የሚነዱ መላእክትን ጨመሩበት።

በሌላ ጊዜ በክረምት ብርድ እህል ተሸክሞ ወደ ወፍጮ ሲሄድ፣ በረዶ መሬቱን ሸፍኖባቸው የተራቡ ርግቦችን አየ። በረዶውን በእግሩና በእጁ ጠርጎ ከእህሉ ዘረገፈላቸው። አብሮት የነበረው ሰው ቢነቅፈውም፣ ከወፍጮ ቤት ሲደርሱ ጆንያው ምንም አልጎደለበትም ይላል ትረካው። እንደዚሁ በቤቱ ምግብ ካለቀ በኋላ አንድ ድኻ ሲመጣ ባለቤቱን ድስቱን እንድታይ ላካት፤ ባዶ የተወችውን ድስት ሞልቶ አገኘችው።

ኢሲድሮ ሲሞት የተቀበረው እንደማንኛውም ድኻ በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የዝናብ ጎርፍ በሚገባበት መቃብር ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ መቃብሩ ሲከፈት ሥጋው ሳይበሰብስ እንደተገኘ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጠፋና አዝመራ ሲሰጋ የማድሪድ ሰዎች ሥጋውን አውጥተው ምሕላ ያደርሱ ነበር። ነገሥታቱ ያከበሩት ሕዝቡ ካከበረው ከረዥም ዘመን በኋላ ነው። በ1622 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 15ኛ ቅድስናውን ሲያውጁ፣ በዚያው ዕለት ከታወጀላቸው አምስት ቅዱሳን መካከል ገበሬ እርሱ ብቻ ነበር።

ዛሬ ሥጋው ያረፈበት ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢየሱሳውያን ማኅበር የተሠራ ነው። ማኅበሩ በ1767 ከስፔን ከተባረረ በኋላ፣ በ1769 በንጉሥ ካርሎስ 3ኛ ትእዛዝ የኢሲድሮ ሥጋ ወደዚያ ተዛወረ። ከ1885 እስከ 1993 የማድሪድ ካቴድራል ሆኖ አገልግሏል። በ1936 በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ ሕንፃው በእሳት ቢጎዳም፣ ሥጋው ተደብቆ ስለነበር ተረፈ።

በ2022፣ ቅድስናው የታወጀበት 400ኛ ዓመት ሲከበር፣ ከ1985 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋው ለሕዝብ ታየ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ የሕክምና ምርመራ ሟቹ ከ35 እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜ ያረፈ፣ ጥርሱና መንጋጋው በሕመም የተጎዳ ሰው እንደነበር አመለከተ። ትውፊት ረዥም ዕድሜ ይሰጠው ነበር፤ አጥንቱ ግን የብዙ ድኻ ገበሬዎችን አጭር ዘመን መሰከረ።

በዓሉ ሜይ 15 ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን ነው። በዕለቱ የማድሪድ ነዋሪዎች ከማንሳናሬስ ወንዝ ማዶ ወዳለው የጸሎት ቤት ተሻግረው በስሙ ከተጠራው ምንጭ ይጠጣሉ፤ በብዙ የስፔን ገጠሮችም ምስሉ ወደ ማሳ ወጥቶ እርሻው ይባረካል። የእኛም ገበሬ በዚያው ሰሞን ሞፈርና ቀንበሩን አዘጋጅቶ የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃል።