ባልቻ አባ ነፍሶ እና በኪሎ የሚሸጥ ታሪክ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንድ ፈረንጅ የጥንት ጦርነት የተካሄደበት ማሳ ውስጥ ረጅም ዘንግ ይዞ ይራመዳል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ክብ ነገር ድምፅ ስታሰማ ይንበረከክና ይቆፍራል፤ ከጭቃው ውስጥ ቀለሃ ወይም የወታደር ቁልፍ ያወጣል። ሱስ ያስይዛል፣ እመኑኝ።

እኛ ጋ ይህን ሥራ የሚሠራው ቆራሌው ነው። ባለፈው ወር ሰበታ፣ ዓለም ገና አካባቢ ቁርጥራጭ ብረት የሚመዘንበት ግቢ ገብቼ ነበር። ከተሰበረ ድስትና ከመኪና ሞላ ሥር አረንጓዴ ዝገት የለበሱ ሁለት ቀለሃዎች አየሁ። ባለሚዛኑን ከየት እንደመጡ ብጠይቀው፣ በቡታጅራ መንገድ ከሶዶ በኩል ከሚለው ውጪ የሚያውቀው የለም። ለእሱ ናስ ናቸው፣ ናስ ደግሞ ከብረት ይወደዳል። አለቀ።

ሶዶ ሲባል ግን እኔ ትዝ ያለኝ ባልቻ ሳፎ ነው።

ባልቻ የአገምጃ ልጅ ነው። አገምጃ ያለው በዚያው ከዓለም ገና ተነስቶ በጢያ በኩል በሚያልፈው መንገድ አቅጣጫ ነው። በ1860ዎቹ የምኒልክ ጦር ጉራጌን ሲወጋ ባልቻ ገና ብላቴና ነበር። በዚያ ውጊያ ተሰልቦ፣ ቆስሎ ሜዳ ላይ ወድቆ ተገኘ ይባላል። አንስተው ሸዋ ወሰዱት፣ በቤተ መንግሥት አደገ። ይህን ነገር ሳስበው ሁሌም ይከብደኛል፤ ልጅነቱን የቀማው ጦር ራሱ ነው ያሳደገው፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋው ለዚያው ዙፋን ነው። ምን ይሰማው እንደነበር የጻፈልን ሰው የለም።

አድጎ በጅሮንድ ሆነ፤ ማለትም ግምጃ ቤት ጠባቂ። መድፎቹም በእጁ ነበሩ። በ1888 መቀሌ ላይ ጣሊያኖች የመሸጉበት የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ሲከበብ በመድፍ የደበደበው እሱ ነው። የካቲት 23 አድዋ ላይ ደግሞ ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቀ፣ ባልቻ መድፉን ይዞ ቀጠለ። የሁለቱን ስም አያይዞ የሚጠራውን ግጥም ትምህርት ቤት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በዚያች ቀን ጣሊያን ያሰለፋቸውን 56 መድፎች በሙሉ አጣ።

ወደ ቪዲዮው ልመለስና፣ ፈረንጆቹ በዚህ ነገር የሚጨቃጨቁት ያለ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን የሚባል የጦር ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሣሩ ተቃጠለና መሬቱ ተገለጠ። በሚቀጥለው ዓመት አርኪዮሎጂስቶች ብረት በሚያሽት ማሽን እያንዳንዷን ቀለሃ የወደቀችበት ቦታ ላይ ምልክት አደረጉ። የተኳሹ ጠመንጃ መርፌ ቀለሃው ላይ የተወው ጭረት እንደ ጣት አሻራ ነው፤ በሱ አንድ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሰ አወቁ። ከውጊያው የተረፈ ምስክር ያላየውን ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መሬቱ ተናገረ። ቀለሃው ተነስቶ ኪስ ከገባ ግን ያ ሁሉ የለም። ለዚህ ነው ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ፈቃድ በማሽን ቅርስ መፈለግ የተከለከለው።

ባልቻ ከአድዋ በኋላ ሀገረ ገዥ ሆነ፦ ሲዳሞ፣ ከዚያ ሐረር፣ ተመልሶ ሲዳሞ። እዚህ ላይ ጀግና ብቻ አድርጎ መጻፍ አልወድም። ሲዳሞ የገባር ሥርዓት የነበረበት፣ ገበሬው ለሹሙና ለነፍጠኛው የሚያርስበት፣ ቡና ደግሞ ገንዘብ የሆነበት አገር ነው። መድፈኛው ባልቻና ገዥው ባልቻ ለሁሉም ሰው አንድ ትዝታ አይደሉም።

አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ እየገነኑ ሲመጡ ባልቻ አልተመቻቸውም፣ እሳቸውም ለባልቻ። ቢጠራም ይዘገይ ነበር። በመጨረሻ በ1920 መጣ፤ ግን በሺዎች የሚቆጠር ጦር አስከትሎ ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈረ። ከዚህ በኋላ ያለው ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው የሚጣፍጥ ነው። ራስ ተፈሪ ግብር አብልተው በክብር ሲያስተናግዱት፣ በጎን ራስ ካሳ ሰፈሩ ድረስ ሄደው ለወታደሩ ገንዘብ አቀረቡ ይባላል። ጠመንጃውን ያስረከበ ብሩን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ባልቻ ከግብሩ ሲመለስ ሰፈሩ ባዶ ነው። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ጦሩ ተገዛ። አድዋ ላይ ያልተበገረ ሰው የተሸነፈው በጠመንጃ ዋጋ ነው።

ሸሽቶ የወጣው እንጦጦ ራጉኤል ነው። ከዚያ ተራራ ጀርባ ሱሉልታ ይታያል። ብዙም ሳይቆይ እጁን ሰጠ፣ ታሰረ፣ በኋላ ተፈትቶ መነኮሰ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ማንም አይገረምም ነበር።

ጣሊያን ግን ከ40 ዓመት በኋላ ተመለሰ። ሽማግሌው ከገዳም ኑሮው ወጥቶ እንደገና መሣሪያ አነሳ። በ1928 ሐምሌ ከሰላሌ የተነሱ የደጃዝማች አበራ ካሳ አርበኞች ዋና ከተማዋን ለማጥቃት ከሰሜን ወረዱ፤ ባልቻም በ1929 እየተዋጋ ሞተ። አሟሟቱን ሰው የሚተርከው እጁን እሰጣለሁ ብሎ ጣሊያኖቹን ካስጠራ በኋላ ተኩስ ከፍቶባቸው እንደወደቀ ነው። ዕድሜው ከ70 ያለፈ ነበር።

እንግዲህ ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ ሶዶ ያለው መሬት ስንት ቀለሃ ይዟል? የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ እርሻም ሲያርስ ሆነ መሠረት ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ እንዲያሳውቅ ያዛል። በሌላ በኩል ቆራሌው በር ድረስ መጥቶ እዚያው ይከፍላል። ቤት በሚሠራበት ቡራዩም ሆነ ሰበታ አንድ የቀን ሠራተኛ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። ደግሞ ሁሉም ባዶ ቀለሃ አይደለም፤ ያልፈነዳ ነገር ይኖራል፣ እንዲህ ያለውን ናሱን ለመለየት ብሎ በመዶሻ መምታት ሕይወት ያስከፍላል። ካያችሁ አትንኩት፣ ለፖሊስ ተናገሩ።

ከሳምንት በኋላ ቀለሃዎቹን ፎቶ ላነሳ ዓለም ገና ተመለስኩ። ናሱ ተለይቶ ምናለሽ ተራ ሄዷል፣ ብረቱን ደግሞ ፌሮ የሚሠራ ፋብሪካ ወስዶታል። ባለሚዛኑ ሌላ ሲመጣ እንዲደውልልኝ ስልክ ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጻፈ። በኪሎ ስንት እንደምገዛም ጠየቀኝ።